ያልሣልሁት ፈረስ

ይድረስ ለአባቴም ለመምህሬም፣ ለየኔታ፤

እንዴት ሰነበቱ? የጎርጎራ ንፋስ ጉልበትዎን አላስቸገረዎትም? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አካሌ ደኅና ነው። ሳልደውል የቆየሁት ረስቼዎ አይደለም፤ ድምፅዎን ለመስማት አፍሬ ነው። ዐይንዎ ከጠፋ ወዲህ ደብዳቤ የምታነብልዎ ልጅዎ ወለተ ሩፋኤል ናትና፣ ለእኔ አዝና አንዲት መስመር እንዳታልፍ ይንገሩልኝ።

በጥር ወር እዚህ ባሕር ዳር የአገሩን የጥበብ ሰዎች የሚያከብር ትልቅ ዝግጅት ነበር። በገና ደርዳሪው፣ አዝማሪው፣ ሸማኔው ሁሉ ተጠርቶ ያንን አዳራሽ ሲሞላው ደስ ይል ነበር። እኔን የጠሩኝ እርስዎ በደሴቷ ቤተ ክርስቲያን ስለሣሏቸው ሥዕሎች ሁለት ቃል እንድናገር ነው። የእርስዎን የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ በትልቁ አሳዩና፣ አስተዋዋቂው ይህን የሣለው እጅ ዛሬ ከመካከላችን ነው ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። የኔታ፣ እኔ ለዚያ ፈረስ ቀለም ፈጭቼ አቀበልሁ እንጂ ብሩሽ አላሳረፍሁበትም። አይደለሁም ማለት አቃተኝ። ካባ አመጡ፤ ትከሻዬን ሰጠሁ።

ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ፋሲሎ ሰፈር ካለው ከአዘጋጆቹ ቢሮ ሄጄ፣ ሠዓሊው መምህሬ ናቸው አልኋቸው። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ታዲያ ስማቸው ከሥዕሉ ላይ የት አለ ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኋቸው። እኛ ዘንድ ያሠራው ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ይሣላል፣ ስሙም ይጻፍለታል፤ የሠራው እጅ ግን ስሙን አያኖርም። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ራስዎን ለመጠየቅ ደወሉልዎ።

መልስዎን ሲነግሩኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ልጄ ነው የሣለው፣ በሰው ፊት ያለበሳችሁትን አትግፈፉት ብለዋል አሉ። ምነው የኔታ! ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። ወይዘሮዋም ትሑት ነህ ብለው አመስግነው ሸኙኝ።

አሁን ለሚያዝያው ጊዮርጊስ ስሜን በእብነ በረድ ቀርጸው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሊያቆሙት ነው። ሕዝቡ ታቦት አጅቦ ሲወጣ ያነበዋል። እኔን የሚያምነኝ ጠፍቷልና፣ በፈጠረዎ ይዤዎታለሁ፣ ይደውሉላቸውና እውነቱን ይንገሯቸው። አይማሩኝ።

ልማረው ቢሉ እንኳ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ያን ዕለት ካባው ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ያሰብሁት እርስዎን ነው። እንኳንም ዐይናቸው ጠፋ፣ አልሁ በልቤ።

እግዚአብሔር የዐይንዎን ብርሃን ይመልስልዎ። ዕድሜዎን ያርዝመው፤ እጅዎን ይባርከው።

ያሳፈርሁዎ ልጅዎ