ቴዎፊል ለቫለሪ የላከው እርምጃ
ፓሪስ፣ ጥቅምት 1884

ወንድሜ ቫለሪ፣

ቴዎፊልን አገኘሁት። አመፁ በከሸፈበት በዚያ በምታውቀው ክፉ ዓመት፣ የጀመራችሁትን ቼዝ ሳይጨርስ ከዋርሶ ከሸሸ ሃያ ዓመት አለፈው። የሎንዶንን ውድድር ያሸነፈው ሰው ዛሬ ዓይኑ ደክሞ ጠጠሮቹን በጣቱ እየዳበሰ ነው የሚጫወተው። ፊት ለፊቱ ስቀመጥ አላወቀኝም። የሚጫወትበት ካፌ መስታወት በመስታወት ነው፤ ተመልካቹ ግን ቅዳሴ ላይ ያለ ይመስል ጭጭ ብሏል። የዋርሶው ኬክ ቤታችን ቢሆን ያ ተረበኛ ኦኑፍሪ ከኋላ ቆሞ፣ «ይሄ እጅ ካልሲ ቢሠራበት ይሻል ነበር» ይል ነበር።

በሰያፍ የሚሄደውን ጠጠር ገፋሁና በቋንቋችን፣ «መልእክተኛው መጣ» አልኩት።

እጁ አየር ላይ ቀረ። «ማን ልኮት?»

«ቫለሪ።»

ሳቀ። «ፈረንሳዮቹ ይሄን ጠጠር እብድ ነው የሚሉት። ሃያ ዓመት ሙሉ እብድ ስነዳ ኖሬ፣ በቋንቋችን መልእክተኛ ሲባል ዛሬ ሰማሁ። ያ ሌባ ሰሌዳውን አላፈረሰውም?»

«አላፈረሰውም። ተራው የቴዎፊል ነው ይላል።»

እንግዲያው አብረን አገር ቤት እንግባ ብዬ ለመንኩት። ራሱን ነቀነቀ። «መልእክተኛዬን ወደ መነሻው መልስልኝ በለው። እኔ ግን እንደ ወታደሩ ጠጠር ነኝ፤ ወደ ኋላ መሄድ አልችልም።»

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን ዩስቲናን ሳምልኝ፤ ኦኑፍሪንም ካልሲው እንዴት ሆነ በልልኝ። የሰሌዳውን አቧራ ጠርገህ መልእክተኛውን ወደ ቤቱ መልስለት። ከዚያ ተራው ያንተ ነው፤ አደራ፣ ቶሎ ጻፍለት። ሌላ ሃያ ዓመት የለንም።

ሴቬሪንህ