ደመላሽ ብለህ ያወጣህልኝ ስም

አባዬ፣

ከተለያየን ስምንተኛው መኸር ገባ። አፈር ይቅለልህ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን ዛሬም ተናድጄብሃለሁ።

እማዬ ከል አላወለቀችም። ለአንድ ፈር ወሰን ብለህ የሞትክበት ማሳ ጦሙን ያድራል። ገዳይህ፣ የጎረቤታችን ልጅ የሙሉ አባት፣ ጫካ እንደገባ ቀረ። እኔ አሁን ንፋስ መውጫ ከተማ ነው የምኖረው።

ያን ቀን ገብስ እያጨድን የሙሉ አባት ከድንጋይ ካቡ ጀርባ ተኮሰብህ። አንተም ወድቀህ ተኮስክ። ጩኸቱ ሲበርድ አንተ ሞተሃል፣ የእኔ ግራ እግር በቆዳ ተንጠልጥሏል፣ ለአባቷ ምሳ ይዛ የመጣችው ሙሉ ክንዷን ታቅፋ መሬት ላይ ትንከባለላለች። እግሬን የሷ አባት፣ ክንዷን አንተ። ሐኪም ሁለቱንም ቆርጦ ጣለው።

ለቅሶህ ላይ አጎቴ ፈንታሁን ጠመንጃህን አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ስሟ ራሱ ይናገራል አለ። ለአያቴ ደም ብለህ ለወንድ ልጅ ያዘጋጀኸውን ስም፣ ሴት ብወለድም ሳትቀይር ሰጠኸኝ። በቅሎዋ ላይ ከፊትህ አስቀምጠኸኝ ቁልቁለት ስንወርድ፣ ዞረሽ አትዪ፣ ፊት ፊቱን እዪ ትለኝ ነበር። ያኔ ስሜን እወደው ነበር።

ብስክሌት በአንድ እግር መንዳት ለመድኩ። ዘንድሮ የአካል ጉዳተኛ ወንዶችና ሴቶች ውድድር እዚሁ አስፋልት ላይ ተደረገ። ክሮኖሜትር ይሉታል፤ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በየተራ ብቻውን ይለቀቃል፣ ፉክክሩ ከሰዓት ጋር ነው። አዘጋጆቹ ስሜን አይተው ከወንዶቹ ደልድለውኝ ነበር፤ ሲያዩኝ እየሳቁ ወደ ሴቶቹ መለሱኝ። ከፊቴ የተለቀቀችው ሙሉ ነበረች።

ጥርሴን ነክሼ ረገጥኩ። ጉቶዬን ያሰርኩበት ጠፍር ቆዳዬን ገሽልጦት ደሙ ይንጠባጠባል። ቁልቁለቱ ላይ ጀርባዋን ሳይ ዐይኔ ደም ለበሰ። በስተቀኝ ገደል ነው። ደርሼ በክርኔ አንዴ ብገፋት ይበቃ ነበር። ልገፋትም ነበር አባዬ፣ አልዋሽህም።

አጎቴ ከነዘመዶቹ መንገድ ዳር ቆሞ «ደመላሽ! ደመላሽ!» እያለ ይጮኻል። ሙሉ ከልጅነታችን ጀምሮ ስሜን ታውቀዋለች፤ ያን ቀን ግን ትርጉሙን ሰማች። ዞራ አየችኝ። በአንድ እጅ የተያዘው መሪ አመለጣት። አስፋልቱ ላይ ተፈጠፈጠች፤ ጉንጯ ተላጠ፣ የፊት ጥርሷ ረገፈ።

ፍሬን ያዝኩ። በአንድ እግሬ እየነጠርኩ ስደርስባት፣ በቀረላት እጅ ጭንቅላቷን ሸፍና እንዳልገድላት በእመቤታችን ለመነችኝ። እኔን! ከዚያ ገብስ ማሳ አብራኝ ወደ ሐኪም ቤት የተጫነችው ልጅ! አንጀቴን በላችው። አፏ ውስጥ የሞላውን ደም በማልያዬ ጠረግሁላት። ሰዓቱ እየቆጠረ ነበር፤ ይቁጠር አልኩ። አጎቴ ፊቴ ላይ ተፍቶብኝ ሄደ። እኔና ሙሉ ተደጋግፈን፣ ሁለት ሰው በሦስት እግር፣ አቀበቱን ተመለስን።

ጠመንጃህን ለሽማግሌዎች አስረክቤአለሁ። ብትቆጣም ተቆጣ፤ እግሬ በክንዷ፣ አንድ ለአንድ ሆነናል።

አንተን ግን አልረሳህም። በቅሎዋን፣ አንገቴ ላይ ይሰማኝ የነበረውን ትንፋሽህን አልረሳም። ስሜንም አልቀይረውም፣ ከአንተ የቀረኝ እሱ ነው። አሁን ከሙሉ ጋር ብስክሌት እንለማመዳለን፤ እሷ እንዳትደነግጥ ከፊት የምነዳው እኔ ነኝ። አንተ እንደመከርከኝ ፊት ፊቱን እያየሁ፣ ለደመኛህ ልጅ ጀርባዬን ሰጥቼ።

ልጅህ ደመላሽ