አጥር ላይ የተሰጣ ሰሌን

ኤፕሪል 8፣ ሰኞ

ሰሌን ስታታ ዋልኩ። ጣቶቼ ይለበልቡኛል። ቅጠሉ ከመጠን በላይ ደርቋል። ትናንት በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ነበረብኝ... ግን ትናንት እሑድ ነው። እሑድ በዚህች ደሴት ጨርቅ ስትነክሪ የታየሽ እንደሆነ ወሬው ካንቺ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል።

ምሳ ጎደሬ በኮኮናት ወተት። ለሁለት ሰው የሚበቃ። ባሌ ፌኪ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ እጄ ግን እስካሁን የሚለካው ለሁለት ነው። የተረፈውን አሳማዎቹ በሉት። እነሱስ ደስ ብሏቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ፔኒሶኒ መጥቶ የውሃ ማጠራቀሚያውን ቧንቧ ጠገነልኝ። መዘምራን ውስጥ ከኋላዬ የሚቆመው ነው። እሱም ሚስቱ ሞታበታለች። ከወንድሞቹ ታናሽ ስለሆነ የራሱ መሬት የለውም፣ ታላቅ ወንድሙ መሬት ላይ ነው ጎጆ የቀለሰው። ሥራውን ሲጨርስ ሻይ ሰጠሁት፣ በረንዳው ላይ ቆሞ ጠጣ። "ቁጭ በል" አላልኩትም። ለምን? አውቀዋለሁ ለምን እንደሆነ።

ኤፕሪል 12፣ ዓርብ

ከዋና ከተማው አንዲት ወጣት ጠበቃ መጥታ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ስለ ሴቶች መብት አስተማረችን። አብዛኛው አገር ፈርሞት የእኛ መንግሥት ያልፈረመው ስምምነት አለ አለች። የፓስተሩ ሚስት ፊቷን አጨማደደች። ይሄ ከፈረንጅ የመጣ ነገር ትዳር ያፈርሳል ባይ ናት።

ጥያቄ ያላችሁ ስትል እጄን አነሳሁ። ራሴም ገረመኝ። ባሌ ሞቷል፣ ወንድ ልጅ የለኝም፣ ሴቷ ልጄ ካላላ ኦክላንድ አግብታለች፣ የኔ ነገር እንዴት ነው አልኳት። ቤቱም እርሻውም እስክሞት በእጄ ነው አለች። ካገባሁ ግን፣ ወይም ከወንድ ጋር ለመተኛቴ ማስረጃ ከቀረበ፣ ለባሌ ወንድም ያልፋል።

"ማስረጃው ከየት ይመጣል?" ስል ከኋላ አንዷ፣ "የተኛሽበት ሰሌን ይመስክራ!" አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ፣ ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ሌላ ሴት ቢያስገባስ አልኩ። "እሱን የሚነካው የለም" አለች ጠበቃዋ። ያኔ የሳቀ አልነበረም።

የፌኪ ታናሽ ወንድም ሊሲያቴ ቤቱ መንገዱ ማዶ ነው። በረንዳው ወደኔ የዞረ ነው። ድሮ ይሄ ነገር ደስ ይለኝ ነበር።

ኤፕሪል 14፣ እሑድ

ምን አባቴ ነክቶኝ ነው?

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ዝናቡ ዱብ አለ። ፔኒሶኒ በደጄ ሲያልፍ በረንዳዬ ላይ ተጠለለ። እንደ ወንዶቹ ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ክብር ከልብሱ በላይ ወገቡ ላይ የታጠቀው ሰሌን የአባቱ ነው፣ ቀጭን፣ ከዕድሜ ብዛት ማር የመሰለ። ውሃ ጠጥቶ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለ ሰሌን እንደራሰ ከታጠፈ በማግስቱ ሻጋታ ይበላዋል። አላስቻለኝም። "ፍታው" አልኩት። ፈታው።

ዝናቡ እስኪያባራ አወራን። እሱ በረንዳው ጫፍ፣ እኔ በሩ ላይ። መዝሙር ላይ የሚገባበትን እንዴት እንደሚያውቅ ነገረኝ። መሪውን አያይም።

"አንቺ ትንፋሽ ስትስቢ እሰማለሁ" አለ፣ "ከዚያ እገባለሁ።"

ፀሐይ ስትወጣ ሰሌኑን ወስጄ አጥሩ ላይ ሰጣሁት። ነገ እወስደዋለሁ ብሎ ሄደ... ወገቡን ባዶ፣ በእሑድ፣ ከኔ ቤት ወጥቶ። ሁለታችንም አላሰብነውም። ልብ ያልኩት ማታ ራት ላይ ነው። እሑድ፣ የወንድ ሰሌን፣ ባሏ የሞተባት ሴት አጥር ላይ። ሦስት ጥፋት በአንድ አጥር።

ግን ያን ነገር እስካሁን ማንም ብሎኝ አያውቅም። ትንፋሼን የሚሰማ ሰው አለ ማለት ነው?

ኤፕሪል 15፣ ሰኞ

ገና ፊቴን ሳልታጠብ ሊሲያቴ አጥሩ ጋ ቆሟል። ሰሌኑን በጣቱ ነካ ነካ ያደርጋል።

"የማን ነው?"

"የፔኒሶኒ። ዝናብ አርሶት ነው።"

"ዝናብ" አለ። "ለወንድሜ ያለቀስሽው እንባ ሳይደርቅ የሌላ ሰው ሰሌን ታደርቂያለሽ።"

ወደ መሬት ፍርድ ቤት እሄዳለሁ፣ ሰሌኑን ያየ ምስክር ሞልቷል አለ። ልጁ ሚስት አግብቶ እዚያች ጠባብ ቤት ከአባቱ ጋር ተፋፍገው ነው የሚኖሩት። ችግሩ ይገባኛል። የኔንስ ማን ይረዳልኝ?

ሰሌኑን ወደ ቤት አስገባሁት።

ኤፕሪል 17፣ ረቡዕ

ፔኒሶኒ ሰሌኑን ሊወስድ አልመጣም። ብልህ ሰው ነው። ትንሽ ሞኝ ቢሆን ምን ነበረበት?

ኤፕሪል 20፣ ቅዳሜ

እትዬ መሌአኔ መጡ። የፌኪና የሊሲያቴ ታላቅ እህት። በእኛ ወግ ታላቅ እህት ከወንድሞቿ በላይ ናት፣ ለቅሶም ሠርግም ላይ ምርጡ ሰሌን የሚቀርበው ለእሳቸው ነው፣ እሳቸው ሲገቡ ሊሲያቴ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ነገሩን ሰምተዋል። ያልሰማ ማን አለ?

"እኔ ስናገር ሊሲያቴ ቀና ብሎ አያየኝም፣ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው" አሉ። "መሬቱ ግን የሱ እንጂ የኔ አይሆንም። እንዲህ ነው የእኛ ክብር።"

ሳቁ፣ ጥርሳቸው ብቻ። በሚመጣው ቅዳሜ ሁላችንንም ቤታቸው ይጠሩናል። ምንም የለም ካልኩ ሊሲያቴ ፍርድ ቤት ደጃፍ አይደርስም፣ ቃላቸው ነው። ሲወጡ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። የሰው እጅ ፊቴን ከነካኝ ስንት ጊዜው ነው...

ኤፕሪል 27፣ ቅዳሜ

አለቀ። ረታሁ።

እትዬ መሌአኔ ቤት ወንዶቹ ከሥር የሚዘጋጀውን መጠጥ፣ ካቫ፣ ከበው ተቀምጠዋል። ፔኒሶኒ በሩ አጠገብ፣ ሌላ ሰሌን ታጥቆ። የተዋሰው ነው፣ ይሰፋዋል።

"ሎሴ" አሉኝ እትዬ መሌአኔ፣ "በአንቺና በዚህ ሰው መካከል ነገር አለ?"

"ምንም የለም" አልኩ።

እውነቴን ነው። እጅ ለእጅ እንኳን ተነካክተን አናውቅም። ሊሲያቴ ግን ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ፣ "ወደፊትስ?" አለ።

እሱን ማንም እንድመልስ አላስገደደኝም። ቤቱ ታየኝ፣ ፌኪ የተከለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ታየኝ፣ ጎደሬው ታየኝ።

"አይኖርም" አልኩ።

ፔኒሶኒ የካቫ ዋንጫውን ተቀብሎ ነበር። ዋንጫው ውስጥ ትንሽ አየ፣ ከዚያ ጠጣ። ሊሲያቴ ክሱን እንደተወ በእህቱ ፊት ቃል ገባ። ሴቶቹ አቀፉኝ።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ቢዋሹብኝ እናደድ ነበር እንጂ እንዲህ አላለቅስም። ያስለቀሰኝ፣ "ምንም የለም" ማለቴ እውነት መሆኑ ነው።

ሜይ 2፣ ሐሙስ

ፔኒሶኒ በመርከብ ወደ ሃአፓይ ደሴቶች ሄዷል፣ እዚያ ዓሣ የሚያጠምድ ልጁ ጋ። ሱቅ ውስጥ ነው የሰማሁት። አልተሰናበተኝም። በየት በኩል ይሰናበተኝ? መንገዱ በሊሲያቴ በረንዳ ፊት ነው የሚያልፈው።

ሰሌኑ እኔ ጋ ቀርቷል። ጠርዙ ተፈትቶ ነበር፣ ዛሬ መልሼ ታታሁት።

ሜይ 9፣ ሐሙስ

የመዝሙር ልምምድ። ትንፋሼን ሳብኩ... ከኋላዬ የገባ የለም። እኔም ሳልገባ ቀረሁ። መሪው እጁን እንዳነሳ አየኝ። ጉሮሮዬን አሞኛል አልኩ።

ሜይ 12፣ እሑድ

ካላላ ደወለች። ቤቱ እንዴት ነው አለች። ደህና ነው፣ ጣሪያው ደህና፣ አሳማዎቹ ደህና።

"እማ፣ ቤቱ ያወራሻል?"

ባለጌ። ከማን ወረሰችው ብል ከኔ ነው። ፔኒሶኒን እንደምወደው ነገርኳት፣ ለልጄ፣ በስልክ። ካገባሁት መሬቱ እንደሚሄድም ነገርኳት። ለኔም ላንቺም የማይሆን መሬት ነው አለች፣ አንቺ እስክትሞቺ ዘበኛው ነሽ። ተቆጥቼ ዘጋሁባት። ሆዴ ግን አልዘጋም።

ሜይ 19፣ እሑድ

ትናንት ለፔኒሶኒ ደወልኩለት። ሦስቴ ጠርቶ አነሳው። ሰሌንህ እዚህ ነው፣ መጥተህ ውሰደው አልኩት። ዝም አለ። እኔም ዝም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፣ ከዚያ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። ያኔ ገባሁ።

"ስትመጣ በረንዳ ላይ መቆም የለም" አልኩት። "ገብተህ ትቀመጣለህ።"

በሚቀጥለው መርከብ እመጣለሁ አለ። የት እንደምንኖር እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። እትዬ መሌአኔ ጋ ሄጄ ቃሌን አጥፌያለሁ አልኳቸው። እንግዲህ ላድንሽ አልችልም አሉ። አውቃለሁ አልኩ። ከዚያ ግን፣ ቤቴ ጓዳ አለ፣ ጣሪያው ያፈሳል እንጂ ጓዳ ነው አሉ።

እፈራለሁ። ዛሬ ጠዋት የዳቦ ፍሬውን ዛፍ ግንድ ዳበስኩት፣ ፌኪን ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱ ይሰማኛል፣ እሱ ክፉ ሰው አልነበረም።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰሌኑን አውጥቼ አጥሩ ላይ ሰጣሁት፣ በመንገዱ በኩል። በረንዳዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሊሲያቴ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ሲያልፍ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የፔኒሶኒ ሰሌን። ሲመጣ ይታጠቀዋል።"

ሰሌኑን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ዛሬ ጠብታ ዝናብ አልጣለም።