ወንድሜን ባልሠራው ወንጀል ላጸጸቱልኝ ጠበቃ

ለክቡር አንጋፋው የወንጀል ጠበቃ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ በተለይም ችሎት ሙሉ ሰው ለሚያስለቅሰው ጉሮሮዎ፣ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኛ፣ እስር ቤት ካለው ታናሽ ወንድሜ በቀር፣ ደህና ነን። እሱም ቢሆን ያደረጉለትን ሳያነሳ የሚውልበት ቀን ስለሌለ፣ ምስጋናችንን ላደርስልዎ በስልክ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር፤ ጸሐፊዎ ግን ቁጥሬን ለይታ ስላወቀችው አታነሳልኝም። ስለዚህ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተገድጃለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ወንድሜ ቁልፍ ሠሪ ነው። ከገበያው ጀርባ ያለ አንድ ሱቅ ተዘረፈ፤ በሩ አልተሰበረም፣ ቁልፉም አልተጎዳም። ፖሊስ እንዲህ አድርጎ መክፈት የሚችል ማን አለ ብሎ ሲጠይቅ፣ የሰፈሩ ሰው አድናቆቱን ሳይሰስት የወንድሜን ስም ጠራለት። ወንድሜ ግን በዚያ ሰዓት በከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ቁልፋቸውን ውስጥ ረስተው ደጅ የቀሩ አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ በር እየከፈተ ነበር። ሴትዮዋም መጥቼ እመሰክራለሁ አሉ። ከዚህ የቀለለ ጉዳይ ከየት ይመጣል? ያም ሆኖ አጎታችን ከጀማሪ ጋር አትንደፋደፉ፣ ልምድ ያለው ጠበቃ ያዙ አለን። ልምድ ያለው ያዝን።

ውለታዎን እነሆ በተራ አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያው ቀን ስላሳዩን ደግነት። ከትልልቅ ሰዎች ጋር የተነሷቸውን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ እንድናይ አስበው ይመስለኛል፣ እንግዳ መቀበያዎ ውስጥ እስከ ምሳ ድረስ አስቀመጡን። ገብተን ወንድሜ ያን ዕለት የት እንደነበር ልነግርዎ አፌን ስከፍት፣ በእጅዎ አስቆሙኝና እናቱ በሕይወት አለች ወይ፣ ታማሚ ናት ወይ፣ ልጆቹ ምን ያህል ናቸው፣ ትንሹ በእግሩ ሄዷል ወይ እያሉ ጠየቁኝ። ከክሱ በፊት ስለ ቤተሰቡ የሚጨነቅ ሰው አገኘን ብዬ መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ተመለስኩ። ጥፋተኛ የተባለ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ለሚቀርበው ልመና ስንቅ እየቋጠሩ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

2. ስለ እረፍቴ ስለተጨነቁልኝ። ወንድሜን እስር ቤት ሄደው አንድም ቀን አላነጋገሩትም፤ እኔ በደወልኩ ቁጥር ግን “ለእኔ ተይው እህቴ፣ አንቺ ብቻ አርፈሽ ተኚ” ይሉኝ ነበር። አምኜዎት ተኛሁ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው።

3. የመከላከያ ምስክር በሚሰማበት ቀን ስላሳዩት ልምድ። አዋላጇ ብቸኛ ምስክራችን ነበሩ። ልብሳቸውን ተኩሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ኮሪደሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ማልደው ተቀምጠዋል። እርስዎ ከሌላ ችሎት ጥቁር ካባዎን እንደለበሱ እየተጣደፉ ሲመጡ አዩአቸውና፣ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ይዘው “አይዞዎት እናቴ” አሏቸው። ሴትዮዋ ጨዋ ናቸው፤ ለምስክር የሚደረግ ማበረታቻ መስሏቸው አመሰገኑ።

ከዚያ ገባን። ዳኛው ምስክር አለዎት ወይ ብለው ሲጠይቁዎ፣ የተከበረውን ችሎት ማሰልቸት እንደማይፈልጉ ገልጸው ያንን ዝነኛ ንግግርዎን ጀመሩ። ደንበኛዎ መጸጸቱን ተናገሩ። ከዚህ በፊት ተከሶ እንደማያውቅ፣ ትንሹ ልጁ ገና በእግሩ አለመሄዱን ተናገሩ። ከዚያም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ጣትዎን ወደ በሩ ቀስረው፣ በሽተኛዋ እናቱ በዚህች ሰዓት ኮሪደር ላይ ተቀምጣ የልጇን እጣ እየጠበቀች መሆኑን ተናገሩ። እናታችን ቤቷ ነበረች። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልጅ ሲያዋልዱ የኖሩት፣ የራሳቸው ልጅ ግን የሌላቸው ምስክራችን ነበሩ። ገና ጥፋተኛ ያልተባለ ሰው ይቅርታ ሲጠየቅለት ያየሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ሳይቀር መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ፤ ምን ያድርግ፣ ሥራውን ጨርሰውለታል።

ወንድሜ ብድግ ብሎ እኔ አልሠራሁም ሲል፣ ትከሻውን ይዘው ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት። ሲያስቀምጡት ፊቱን አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ያ ፊት ከዓይኔ አልጠፋም፤ እህል ስቀምስም ሥራ ላይ ስሆንም እሱኑ ነው የማየው።

4. ፍርዱ በተነበበ ቀን እጄን ጨብጠው “ከዚህ ሊብስ ይችል ነበር” ስላሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ሁለት ጠበቃ ብንይዝለት ኖሮ ይብስ ነበር።

ቀልዴን እዚህ ላይ ላቁም፤ ጨንቆኛል። ይግባኙን የያዘችልን ወጣት ጠበቃ፣ ፍርድ ቤቱ ምስክሯ ያኔ ለምን አልተሰሙም ብሎ መጠየቁ እንደማይቀር ነግራናለች። መልሱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ “ምስክሯ በር ላይ ነበሩ፣ እኔ ሳልጠራቸው ቀረሁ” ብለው ጽፈው ቢፈርሙ ይበቃል። ስሜ ይጎድፋል ብለው እምቢ ማለትዎን ሰምተናል። አዋላጇ ደግሞ እያረጁ ነው። ባለፈው ልጠይቃቸው ብሄድ እኔን ማን እንደሆንኩ ሁለቴ ጠየቁኝ። በሩን የከፈተላቸውን ልጅ ግን አልረሱትም፤ ጎበዝ ነው፣ እንጨቱን እንኳ አልጫረብኝም አሉኝ። ይህችንም የረሱ ቀን ወንድሜ በምን ሊወጣ ነው? ስምዎ ቢጎድፍ ሊያጥቡት ይችላሉ፤ ንግግር ያውቁበታል። ወንድሜ ግን ያለ እኚህ ሴት ቃል ምንም የለውም።

ካባዎ አይደብዝዝ፣ ድምፅዎ አይሻክር፣ ጣትዎም ለወደፊቱ የሚጠቁመውን ይወቅ እያልኩ፣ ከፍ ባለ አክብሮት እጅ የምነሳዎ፤

የቁልፍ ሠሪው ታላቅ እህት

ግልባጭ፦
ለጠበቆች ማኅበር
ልምድ ያለው ያዙ ላለን አጎታችን

ማስታወሻ፦ ከሰሞኑ ደንበኛ ቢበዛብዎ የወንድሜ ሥራ መሆኑን ይወቁልኝ። እስር ቤት ውስጥ ጥፋቱን የሚያምን ሰው ሲያገኝ፣ ከእርስዎ የተሻለ ጠበቃ እንደሌለ ከልቡ እየመሰከረ ወደ ቢሮዎ ይልከዋል። አልሠራሁም የሚል ሲያጋጥመው ግን፣ ጠበቃ የሚባል በስም እንኳ አላውቅም ይለዋል።