አዳም ስም ያወጣለት አውሬ

ልጄ ወሰንየለሽ፣ የደብራችን ማርያም ባለሽበት ትጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱን ውርጭ ቢመታውም በጎቹ ተርፈዋል።

ከዚያ ግዙፍ የአውሬ አጥንት ሥር ቆመሽ የተነሳሽው ፎቶ ደረሰኝ። «ሰው ሳይፈጠር በፊት ያለቀ ነው» ማለትሽን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ከአስተማሪዎችሽ ጋር አልከራከርም። የንስሐ አባታችንን ብጠይቃቸው፣ «እንደ አዳም ዓርብ ዕለት የተፈጠረ ነው፤ ስም ያወጣለትም አዳም ነው። ከጥፋት ውኃ ወዲህ ዘሩ አለቀና በስሙ የሚጠራው ጠፋ» አሉኝ።

ለአውሬው አዘንኩለት። ከዚያ አንቺን አሰብኩ። እዚያ አገር በክርስትና ስምሽ የሚጠራሽ እንደሌለ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔ ቅዳሴ በሄድኩ ቁጥር በዚያ ስም አስጠራሻለሁ።

አደራ ልጄ፣ ስትጽፊልኝ ከደብዳቤው ግርጌ ያንን ስም በእጅሽ አስፍሪልኝ። እኔ ሳልፍ የሚያስታውሰው አንቺ ብቻ ነሽ።

ፈጣሪ በዚያው ስም ያስብሽ።

እናትሽ ሸዋረጋ