ፓፓያ ላይ የተወጋ ሠላሳ መርፌ

ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 18 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ መሳፍንት፣ የጤና ኮሌጃችን ዲን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የቆላው ሙቀት፣ ትንኙና የስብሰባው ብዛት እንዳልጎዱዎት ተስፋ አደርጋለሁ። በኮሌጅዎ የመርፌና የግሉኮስ አሰጣጥ ትምህርት ለአራት ዓመት ያስተማርኩት እኔ ሲስተር ዘውድነሽ፣ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉዳዬን በቃል ላስረዳዎ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ስለነገረችኝ፣ ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት ስል ይህን ደብዳቤ በኮሌጁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሲያልፉ ቆም ብለው እንዲያነቡልኝ በትህትና እለምናለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ በአጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ሐምሌ ያስመረቅናት ማህደር የምትባል ነርስ፣ ከከተማችን ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ተመድባ ነበር። በታኅሣሥ ወር አሚራ የምትባል የአራት ዓመት ሕፃን የሳንባ ምች ይዟት መጣች፤ ማህደርም የታዘዘውን መርፌ መቀመጫዋ ላይ ወጋቻት። ሳንባዋ ዳነ። መርፌው ግን ከዳሌ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ስለነካው ቀኝ እግሯ ከዚያ ቀን ወዲህ ይጎተታል። በመጪው ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀምጦ የማህደር የሥራ ፈቃድ እንዲነጠቅ ወይም እንዳይነጠቅ ይወስናል። እርስዎ ለኮሚቴው የላኩት ደብዳቤ ደግሞ ተማሪዋ በመምህሯ ፊት ሠላሳ መርፌ በብቃት መውጋቷን፣ ስለዚህም ጥፋቱ የግል ቸልተኝነቷ መሆኑን ይገልጻል። ማስረጃ ተብሎ የተያያዘው የተግባር መዝገቧ ላይ ያሉት ሠላሳ ፊርማዎች የእኔ ናቸው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ፕላስቲኩ ክንድ ከልብ አመሰግናለሁ። ተማሪዎች ደም ስር ፈልገው ካኑላ የሚባለውን ቀጭን ቱቦ ማስገባት እንዲለማመዱበት ከሦስት ዓመት በፊት የመጣልን ያ ያማረ ክንድ፣ እስከ ዛሬ በቢሮዎ የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ አቧራ ሳይነካው ይኖራል። ገምጋሚዎች ከክልል ሲመጡ ይወጣል፣ ይጎበኛል፣ ተመልሶ ይገባል። ተማሪዎቹን እንዳለማምድበት ስጠይቅዎ «ሲስተር፣ ከተበሳማ ምኑን እናሳያለን?» ብለው አስረድተውኛል። በዚህም የተነሳ ሰባ ሦስት ተማሪዎቻችን ግሉኮስ መስቀልን የተማሩት የባጃጅ ጎማ ከመነዳሪ ቆርጠን፣ ቀይ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ሞልተን፣ በጨርቅ ሸፍነን ነው። የከመነዳሪ ደም ስር አይሸሽም፣ አያብጥም፣ አየር ቢገባበትም አይሞትም። ሁሉም ጥሩ ውጤት አመጡ።

2ኛ. ስለ ፓፓያውም እንዲሁ። የጡንቻ መርፌ በፓፓያ መለማመድ በቂ ነው ብለው ሲወስኑ፣ ፓፓያ በአገራችን እንደ ልብ የሚገኝ መሆኑን ማሰብዎ አስተዋይነትዎን ያሳያል። እኔም ሰሌዳ ላይ መቀመጫ ስዬ፣ በመስቀለኛ ለአራት ከፍዬ፣ መርፌው የሚወጋበትን፣ ወደ ውጭ ያለውን የላይኛውን ክፍል በቀይ ጠመኔ ቀብቼ አሳይቻለሁ። ለትንሽ ሕፃን ጭን እንደሚሻልም ተናግሬያለሁ፤ አንድ ጊዜ፣ ደወል ሊደወል ሲል። ማህደር አደጋው በደረሰ በሳምንቱ ቤቴ መጥታ፣ ከደጃፉ ሳታልፍ፣ «ሲስተር፣ መለካቱንማ አልረሳሁትም፤ የዳሌው አጥንት ከየት እንደሚጀምር በእጄ አጣሁት፤ ፓፓያው አጥንት የለውም» አለችኝ። ግቢም አላልኳትም።

3ኛ. ስለ ሠላሳው መርፌ የማመሰግነው ማንን እንደሆነ ግራ ገብቶኛል። ደንቡ አንድ ተማሪ በሰው ላይ፣ መምህሩ ቆሞ እያየ፣ ሠላሳ ጊዜ ሳይወጋ አይመረቅም ይላል። ሰባ ሦስት ተማሪ፣ ሁለት ሳምንት የልምምድ ጊዜ፣ በቀን መርፌ የሚታዘዝለት ስድስት ሰው። ይህን ስነግርዎ «አንቺ መላ አታጪም» አሉኝ፤ እንዳሉትም አላጣሁም። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ በመምህራን ክፍል ተቀምጬ የሰባ ሦስቱንም መዝገብ ፈረምኩ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ እርስዎን መውቀስ አምሮኝ ነበር። ነገር ግን አንዱን በሰማያዊ፣ አንዱን በጥቁር እስክሪብቶ እያቀያየርኩ፣ ቀኑን እያራራቅሁ፣ እዚህም እዚያም «ጥሩ እጅ አላት» እያልኩ ስጽፍ ማንም አላዘዘኝም። እስክሪብቶ መቀያየሩ የራሴ ፈጠራ ነው።

በኮሪደራችን ግድግዳ ላይ በትልልቁ ያስጻፉትን ያውቁታል፤ ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት። ለተማሪዎቼ ስድስተኛ እጨምርላቸው ነበር፤ የሰጣችሁትን መዝግቡ፣ ያልሰጣችሁትን እንዳትመዘግቡ። ጮክ ብዬ ነበር የማስተምረው።

በጥር ወር ግምገማ ላይ ሁላችንም ግለ ሂስ ስናደርግ እኔ «ሰዓት አላከብርም» ብዬ አስመዘገብኩ። ጥበቃው ጋሼ ተክሌ እንደሚመሰክሩልኝ፣ በሩን አስከፍቼ ከሁሉ ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ። የሌለብኝን ኃጢአት ተናዝዤ ያለብኝን ይዤ ወጣሁ፤ እርስዎም ግልጽነቴን አደነቁልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አሚራን ለማየት ሄድኩ። እናቷ ዙሀራ መምህርት መሆኔን እንጂ የማን መምህርት እንደሆንኩ አታውቅም ነበር። ልትሰድበኝ ትችላለች ብዬ፣ እንዲያውም ብትሰድበኝ ይቀለኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። እሷ ግን «አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሷ ተርፋልኛለች እኮ እትዬ። ያቺ ነርስ እጇ ይባረክ። እግሩማ የአላህ ነገር ነው፣ ምን ይደረጋል?» አለችኝና ከጓሮዋ ፓፓያ ቆርጣ፣ ልጣ፣ በሳህን አቀረበችልኝ። ሕፃኗ አንድ እግሯን እየጎተተች መጥታ ሹካውን ሰጠችኝ። የአላህ ነገር እንዳልሆነ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፓፓያውን ጎረስኩበት። አፈርኩ። ይህን ስጽፍም እንዳፈርኩ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ሄጄ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። እሷም «ታዲያ የዚያን ቀን ለምን በላሽልኝ?» አለችኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የላኩትን ማስረጃ እንዳበላሽብዎት ይፍቀዱልኝ። ማህደር በእኔ ፊት የወጋችው ሰው ብዛት ሠላሳ አይደለም፤ አንድም አይደለም። ይህንኑ ሰኞ በኮሚቴው ፊት ቀርቤ እናገራለሁ፤ የእኔን የሥራ ፈቃድም ይዤ እሄዳለሁ፣ ከተፈለገ ጠረጴዛው ላይ እንዲገኝ። የቀሩት ሰባ ሁለት ልጆች ዛሬም በየጤና ጣቢያው በእኔ ፊርማ እየወጉ ነውና ተጠርተው እንደገና እንዲሠለጥኑ፣ ለዚህም ሲባል ፕላስቲኩ ክንድ ከእስሩ እንዲፈታ እለምናለሁ። የማሳይበት ሰው ከጠፋ የራሴን ዳሌ አቀርባለሁ፤ አጥንት አለው።

ለወንበርዎ ዕድሜን፣ ለቁም ሣጥንዎ መስታወት ጽዳትን እየተመኘሁ፣ ከፊትዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ሲስተር ዘውድነሽ አስፋው
(ይህኛው ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ፣ የምፈርመውን አይቼ የፈረምኩት ነው።)

ማስታወሻ፦ የረሱት እንደሆነ ላስታውስዎ። አምና መስከረም ተማሪዎቹን ይዤ ጤና ጣቢያ ሳለሁ ወባ ጥሎዎት መጡ፤ ኪኒኑ አልረጋ ብሎዎት መርፌ ታዘዘልዎ። ከተማሪዎቻችን አንዷ ትውጋዎት ብዬ ብጠይቅዎ፣ ቀበቶዎን በሁለት እጅዎ ጨብጠው «ኧረ በማርያም ሲስተር፣ ራስሽ ውጊኝ» አሉኝ። ፍርድዎ ትክክል ነበር። የዳሌዎን አጥንት በጣቴ ፈልጌ፣ ለአራት ከፍዬ፣ በአዮዲን ምልክት አድርጌ ወጋሁዎት፤ እንደዚያ ተጠንቅቄ ማንንም ወግቼ አላውቅም። ከዚያ በፊት ግን ተማሪዎቹ ይውጡልኝ ብለው ነበርና ሁሉም ወጡ። አንዷ ብቻ ጥጥና አልኮል እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ፣ «ሲስተር፣ አጥንቱን ስትፈልጊ ብቻ ልይ?» ብላ ለመነችኝ። ማህደር ነበረች። ውጪልኝ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ በሩን ፊቷ ላይ የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ።