ሄርሜስን የታክሲ ወያላ ያደረጉት ደራሲ፣ መምህርት ሐናን ጠልሐ አረፉ

የቂርቆስ የልጆች ንባብ ማኅበር መሥራችና የ«ኦሎምፒያ መንገደኞች» ተከታታይ መጻሕፍት ደራሲ መምህርት ሐናን ጠልሐ፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ በሞት ተለይተውናል። ማኅበራችን ከባድ ሐዘን ላይ ነው። ሆኖም ስለ እርሳቸው አንገታችንን ደፍተን ብቻ ማውራት አልሆነልንም፤ ሥራቸው ይህን አይፈቅድም።

መምህርት ሐናን ከወሎ መጥተው በጨርቅ ንግድ ይተዳደሩ ከነበሩ ወላጆቻቸው ካዛንቺስ ተወልደው፣ እዚያው አካባቢ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምረዋል። ተማሪዎቻቸው ንባብ ሲሰለቻቸው የጥንት ግሪኮችን ተረት በቃላቸው ይነግሯቸው ነበር። አንድ ቀን ሊዲያ የተባለች ተማሪ፣ «ቲቸር፣ አማልክቱ የሚኖሩበት የኦሎምፖስ ተራራ የኛ ሰፈር ኦሎምፒያ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ በሳቅ ሲፈነዳ መምህርት ሐናን ግን አልሳቁም። «ቆይ፣ ሄጄ ልይላችሁ» አሉ።

በ2009 ዓ.ም. የመጀመሪያው መጽሐፍ ወጣ። ተራራቸው የተናደባቸው አማልክት ኦሎምፒያ አደባባይ ላይ ይወድቃሉ። የአማልክቱ አለቃ ዜውስ ሥራ ፈትቶ ካፌ በረንዳ ላይ ይውላል። ፀጉሯ እባብ የሆነባት ጎርጎን ካዛንቺስ ፀጉር ቤት ትከፍታለች። ባለ ክንፍ ጫማው ሄርሜስ ከሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! በአየር ነው የምንሄደው!» እያለ ይጣራል። እነዚህን ሁሉ ወደ አገራቸው የመመለስ ጣጣ የወደቀው በሰፈሩ ልጅ በሩሐማ ላይ ነው። መጽሐፉን ልጆች እየተሻሙ አነበቡት፤ ከትምህርት ቤት በር ላይ እየቆሙም ተረኩት።

በ2011 ዓ.ም. ግን ወላጆች ተቆጡ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ «ልጆቻችን ጣዖት ሊማሩ ነው» ብለው ስብሰባ ጠሩ፤ መጽሐፉ እንዲታገድ፣ የማኅበራችን የንባብ ክበብም እንዲዘጋ ጠየቁ። መምህርት ሐናን ተነሥተው፣ «እኔም ሰጋጅ ነኝ። ስግደት ለአንድ አላህ ነው። ይሄ ተረት ነው፤ በተረት ላወራ ጅብ የሰገደ ሰው አይታችኋል?» አሉ። ከዚያም መጽሐፉን ገልጠው፣ ሩሐማ ከመንገድ ሥር ባለ ቦይ ውስጥ ራሱ የበሬ ከሆነ ጭራቅ ጋር የተፋጠጠችበትን ምዕራፍ አነበቡ። ጭራቁ ቀንዱን ሲያወርድ መጽሐፉን አጥፈው ተቀመጡ። ከሁሉ በላይ ሲቃወሙ የነበሩት ወይዘሮ ደብሪቱ ብድግ ብለው፣ «ታዲያ ልጅቷስ? እንዲህ አንጠልጥለሽን ልትቀመጪ ነው?» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እገዳው በዚያው ቀረ። የወይዘሮ ደብሪቱ የልጅ ልጅ ናኦድም በሚቀጥለው ሳምንት ክበቡን ተቀላቀለ።

በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ አባሎቻችን ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተኑ። ማኅበሩ ያበቃለት መስሎን ነበር። መምህርት ሐናን፣ «ልጆቹ መምጣት ካልቻሉ እኛ እንሄዳለና!» ብለው ታክሲ እየቀያየሩ፣ መጻሕፍት ተሸክመው በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ ማንበብ ጀመሩ። «ቲቸር መጣች!» የሚለው ጩኸት ከፎቅ ፎቅ ሲያስተጋባ የማያውቋቸው ልጆች ሳይቀሩ ደረጃውን እየዘለሉ ይወርዱ ነበር። በመበተናችን ብዙ ሆንን።

በያዝነው ዓመት ሕመሙ ሲበረታ ስድስተኛውና የመጨረሻው መጽሐፍ እጃቸው ላይ ነበር። ብዕር መያዝ ሲያቅታቸው፣ ዛሬ የማኅበራችን ጸሐፊ የሆነችው ሊዲያ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ቃላቸውን ጻፈች። አማልክቱ ወደ አገራቸው ይመለሱ ወይስ ይቅሩ የሚለው ግን አስጨነቃቸው። ሊጠይቋቸው የመጡትን ልጆች፣ «እናንተ ምን ትላላችሁ?» አሏቸው። ናኦድ፣ «ይሂዱ ቲቸር፤ ግን መንገዱን ስለሚያውቁት ሲፈልጉ ይምጡ!» አለ። መምህርት ሐናን ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ «ሰማሽ ሊዲያ? ጻፊው! ቶሎ ጻፊው!» አሉ። ያን ቀን ሕመምተኛ አይመስሉም ነበር። መጽሐፉ ተጠናቆ፣ ታትሞ፣ የመጀመሪያውን ቅጂ በእጃቸው ይዘው፣ ሽፋኑን አሽትተው አርፈዋል።

የመጽሐፉን ምረቃ ለማራዘም አስበን ባለቤታቸውን አቶ ጀሚልን አማከርናቸው። «‹ልጆቹን እንዳታስጠብቋቸው› ብላኛለች። እኔ የእሷን ቃል አላጥፍም» ሲሉ መለሱልን።

ስለዚህ «የኦሎምፒያ መንገደኞች» ስድስተኛው መጽሐፍ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በማኅበሩ አዳራሽ ይመረቃል። ለአቶ ጀሚል፣ ለመላ ቤተሰባቸው፣ ለመምህራን ባልደረቦቻቸውና በየሰፈሩ ላሉ ትናንሽ አንባቢዎቻቸው መጽናናትን እንመኛለን፤ ለእርሳቸውም አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው። ቅዳሜ ልጆች ወላጆቻቸውን ይዘው እንዲመጡ እንጠይቃለን። ማልቀስ የመጣበት ያልቅስ፤ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ መሳቅና መጯጯህም ተፈቅዷል።

የቂርቆስ የልጆች ንባብ ማኅበር
አዲስ አበባ፣ 2018 ዓ.ም.